«አቢሲኒያን ኦይል» ምንድን ነው? ስሙ ከኛ፣ ገበያው ከማን?



ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አናወራም። ሰሞኑን ከላኪዎችም ከዩኒየን ሰዎችም በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የመጣ ጥያቄ ስላለ እሱን እንመልስ። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ውጭ አገር አቢሲኒያን ኦይል የሚባል የፊት ዘይት በትንንሽ ጠርሙስ በውድ ይሸጣል። ስሙ የኛ ነው። ታዲያ ለምን እኛ ዘርተን አንልከውም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የአባላት መሬትና ገንዘብ የሚነካ ስለሆነ ቸኩለን «አዎ» ወይም «አይ» የምንለው አይደለም። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዘይቱ እውነተኛ ነው፣ ፈላጊም አለው። ገበያው ግን ጠባብ ነው፤ አንድ ቀበሌ ብቻውን ሊያጥለቀልቀው ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው «ዝሩት፣ ገዢ አይጠፋም» ቢላችሁ መጀመሪያ ከታች ያለውን ሂሳብ አስሉ።

*መጀመሪያ ስሙን እንለይ*

አቢሲኒያን ኦይል የሚባለው ክራምቤ ከሚባል ተክል ዘር የሚጨመቅ ዘይት ነው። የሳይንስ ስሙ ክራምቤ አቢሲኒካ ነው። «አቢሲኒካ» ማለት «የአቢሲኒያ» ማለት ነው፤ የተክሉ ትውልድ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ቤተሰቡ የጎመንና የሰናፍጭ ቤተሰብ ነው። አበባው ነጭና ትንንሽ ሲሆን፣ ፍሬው ክብ ነው፤ በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ አንድ ዘር ብቻ አለ።

እዚህ ላይ ላኪዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። «አቢሲኒካ» የሚል ስም ያለው የቅባት እህል ክራምቤ ብቻ አይደለም። ኑግም የሳይንስ ስሙ ጊዞሺያ አቢሲኒካ ነው። አንድ ገዢ በኢሜይል «የአቢሲኒያን ዘይት ዋጋ ላኩልኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ የኑግ ዘይት ዋጋ የሚልክ ሰው አይጠፋም። ሁለቱ ዘይቶች በስም ይመሳሰላሉ፣ በባሕርይ ግን ሆድና ጀርባ ናቸው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ አየር ሲያገኘው ቶሎ ይሻግታል። የክራምቤ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ፣ በተለምዶ ከ55 እስከ 60% ገደማ፣ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል ረጅም የቅባት አሲድ ነው። እሱ ቶሎ አይሻግትም፤ ዋጋ የሚያሰጠውም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው።

ሦስተኛ ዘመድ አለ፦ የኛው ጎመንዘር። እሱም ኤሩሲክ አሲድ አለው፣ በአገራችን ነባር ዝርያዎች 40% ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ «ከክራምቤ ጋር ያው ነው፣ ቀላቅለን እንላከው» የሚል ብልጣብልጥ ቢመጣ አትስሙት። ገዢው በላብራቶሪ የሚያስመረምረው የመጀመሪያው ነገር የቅባት አሲዶቹ ድርሻ ነው፤ ቁጥሩ ወዲያው ያጋልጣል። በዚህ ዓይነት ንግድ አንድ ጊዜ የተበላሸ ስም ተመልሶ አይጠገንም።

*ቆዳ ላይ ምን ይሠራል?*

በኮስሞቲክስ ሰዎች ቋንቋ ኢሞሊየንት ይባላል፤ እኛ ቆዳ አለስላሽ እንበለው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን እንደ ጡብ የተደረደሩ ጥቃቅን ቅርፊቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ደግሞ እንደ ጭቃው ሆኖ የሚያያይዛቸው ቅባት አለ። ቆዳ ሲደርቅ ያ ቅባት ይቀንሳል፣ የቅርፊቶቹ ጠርዝ ይነሳል፣ እጃችንን ስናሻሽ ይሻክረናል። አለስላሽ ክፍተቱን ይሞላና ያለሰልሰዋል። ቅቤም ቫዝሊንም ይሄንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ክብደቱ ነው። ቫዝሊን የተቀባ ሰው ፊቱ ያብለጨልጫል፣ አቧራ ይይዝበታል። በክሬም ገበያ ውድ የሚሸጠው «ቀላል» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጠብ ሲያደርጉት ቶሎ የሚሰራጭ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያለ እስከማይመስል የሚጠፋ። የክራምቤ ዘይት ስም ያተረፈው በዚህ ነው። ከአትክልት የወጣ ዘይት ሆኖ ሳለ እንደ ሌሎች ዘይቶች አይከብድም፣ በብርድም አይረጋም፣ ጠረኑም ከተጣራ በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ለፊት ዘይት፣ ለፀጉር ቅባት፣ ለሊፕስቲክና ለሎሽን ይገባል።

*ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው?*

ይሄ ክፍል ለዋጋ ወሳኝ ነው። ክሬም ሠሪ ፋብሪካ የሚገዛው የተክሉን ታሪክ አይደለም፤ የሚገዛው ሥራውን ነው። ያንኑ ሥራ የሚሠራለት ርካሽ ነገር ካገኘ ነገ ይቀይራል። ተፎካካሪዎቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው ካፕሪሊክ ካፕሪክ ትራይግሊሰራይድ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከኮኮናት ወይም ከፓልም ፍሬ ዘይት አጫጭሮቹን የቅባት አሲዶች ለይቶ መልሶ በማጣመር የሚሠራ ነው። በየቤታችሁ ያለውን ሎሽን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታነቡ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። በብዛት ይመረታል፣ ርካሽ ነው፣ ጥራቱም ከዓመት ዓመት አይለዋወጥም።

ሁለተኛው ስኳሌን ነው። የሱ ታሪክ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ድሮ ከጥልቅ ባሕር ሻርክ ጉበት ነበር የሚወጣው። ሻርኮቹ ሲመናመኑና ሸማቹ ሲቃወም፣ አምራቾች ከወይራ ዘይት ማጣሪያ ተረፈ ምርት ማውጣት ጀመሩ። ቀጥሎ ደግሞ የብራዚልን የሸንኮራ አገዳ ስኳር በእርሾ አብላልተው ከዚያ ሠሩት። ቆዳው ላይ የሚደርሰው ነገር ያው ነው፤ ምንጩ ግን ከዓሣ ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ አገዳ ዞረ። በዚህ መሃል በሻርክ ጉበት ላይ ተማምኖ የነበረው አቅራቢ ገበያው ከእጁ ወጣ። የግብዓት ገበያ እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። ለዓመታት የ«ቀላል ስሜት» ንጉሥ እሱ ነበር። አሁን ግን አውሮፓ ኅብረት እያጠበቀበት ነው። ዲ4 እና ዲ5 የሚባሉት ቀለበታዊ ሲሊኮኖች ታጥበው በሚወርዱ ምርቶች፣ ማለትም እንደ ሻምፑ ባሉት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ0.1% እንዳይበልጡ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ዲ6ን ጨምሮ ተቀብተው የሚቆዩ ክሬሞችንም አካቷል፤ ለእነዚህ ተፈጻሚ የሚሆነው ከጁን 6 ቀን 2027 በኋላ ነው። ምክንያቱ በአካባቢ ላይ ተከማችተው የማይጠፉ መሆናቸው ነው።

ስለ አቢሲኒያን ኦይል ወሬው የበዛው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። የአውሮፓ ክሬም ሠሪዎች በሲሊኮን ቦታ የሚተኩት «ተፈጥሯዊና ቀላል» ነገር እየፈለጉ ነው። ፍላጎቱ የእውነት ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፦ እነዚያ ሲሊኮኖች ከተቀቡ በኋላ ተንነው ይጠፋሉ፤ የክራምቤ ዘይት ግን አይተንም። ስለዚህ ቦታቸውን ሙሉ ለሙሉ አይወርስም፤ ከነኮኮናቱና ከነስኳሌኑ ጋር ተሰልፎ ድርሻውን ይሻማል።

*ዛሬ የት ይመረታል?*

ስሙ አቢሲኒያ ይሁን እንጂ ክራምቤን የእርሻ ሰብል ያደረጉት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሶቪየት ኅብረት ተሞከረ። በ1940ዎቹ ወደ አሜሪካ ገባ። በ1990ዎቹ በሰሜን ዳኮታ ገበሬዎች በኮንትራት በሰፊው ዘርተውት ነበር። ብራዚል ውስጥም ማቶ ግሮሶ ዶ ሱል በሚባለው ግዛት ከአኩሪ አተር በኋላ በሚዘራበት ወቅት ገብቷል፤ እዚያ በዋናነት የታሰበው ለባዮዲዝል ነበር። በኛ አገር ግን እንደ ኑግና ሰሊጥ በምርት ገበያ ተለክቶ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም።

ልብ በሉ፣ ሰሜን ዳኮታ የዘራው ለፊት ቅባት ብሎ አይደለም። ዋናው ገዢ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ነው። ከኤሩሲክ አሲድ ኤሩካማይድ የሚባል ነገር ይሠራል፤ የፕላስቲክ ከረጢቶች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ስስ ከረጢት በቀላሉ የተከፈተላችሁ ቀን ይሄ ቅባት ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ነገር ግን ኤሩካማይድ ከክራምቤ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ለዚሁ ተብሎ ከሚዘራ ከፍተኛ ኤሩሲክ ካለው ሬፕሲድም ይሠራል። ሬፕሲድ ደግሞ በብዙ አገር በትልልቅ ማሽን የሚታረስ ሰብል ነው።

እንግዲህ ገበያው ሁለት ነው። አንዱ ብዙ ይገዛል፣ ዋጋው ግን የጅምላ ዘይት ዋጋ ነው። ሌላው ጥሩ ይከፍላል፣ የሚገዛው ግን ጥቂት ነው። «በውድ ይሸጣል» እና «ብዙ ይፈለጋል» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ የሚነግራችሁ ሰው ሁለቱን ገበያ እያደባለቀባችሁ ነው።

*የጠርሙሱ ሂሳብና የእርሻው ሂሳብ*

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። የምጠቀምባቸው ቁጥሮች ለማሳያ ናቸው፣ ግን ከእውነታው ብዙ የራቁ አይደሉም።

አንድ ኩንታል ክራምቤ ከነገለባው 32% ዘይት አለው እንበል። በመጭመቂያ ሁሉም አይወጣም፣ ፋጉሎው ላይ ይቀራል። 25 ኪሎ ድፍድፍ ዘይት አገኘን። ሲጣራ ቀንሶ 23 ኪሎ ቀረ። ይሄ በሊትር 25 ገደማ ነው። በ30 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሞላ 840 ጠርሙስ ይወጣዋል። ጠርሙሱ 10 ዶላር ቢሸጥ፣ ከአንድ ኩንታል 8,400 ዶላር!

ብዙ ሰው ሂሳቡን እዚህ ላይ አቁሞ ሕልም ማለም ይጀምራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ያ 10 ዶላር የጠርሙሱ፣ የማጣሪያው፣ የምርመራው፣ የማስታወቂያው፣ የሱቁ ኪራይና የብራንዱ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት ድርሻ ጥቂት ነው፣ የዘሩ ድርሻ ደግሞ ከጥቂትም ጥቂት። ከቡና ታውቁታላችሁ፤ ካፌ ውስጥ አንድ ስኒ የሚሸጥበት ዋጋና የቀይ እሸት ዋጋ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ደግሞ ዘይቱን ንጹሁን በጠርሙስ የሚገዛው ሸማች ጥቂቱ ነው። ብዙው ዘይት የሚገባው በክሬም ውስጥ ነው፣ በትንሽ መጠን። አንድ 50 ግራም ክሬም 3% ክራምቤ ቢኖረው 1.5 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ፦

– 1 ቶን ዘይት ከ660,000 በላይ ብልቃጥ ክሬም ይሠራል።
– 20 ቶን፣ ማለትም አንድ ኮንቴይነር ገደማ፣ 13 ሚሊዮን ብልቃጥ ይሠራል።
– ያን 20 ቶን ለማግኘት 870 ኩንታል ዘር ይበቃል።
– በሄክታር 10 ኩንታል ብናስብ 87 ሄክታር መሬት ነው።

87 ሄክታር! ግማሽ ግማሽ ሄክታር የሚዘሩ 175 አባወራዎች ማለት ነው። አንድ መሠረታዊ ማኅበር ይሸፍነዋል። ከዚህ በኋላ አንድ ሙሉ ዩኒየን በሺህ የሚቆጠሩ አባላቱን «ዝሩ» ቢል ምርቱን ማን ይገዛዋል? ያን ጊዜ የሚቀረው አማራጭ በፕላስቲኩ ገበያ ዋጋ ከሬፕሲድ ጋር መፎካከር ነው፤ እሱ ደግሞ በእጅ አርሞ በእጅ ለሚያጭድ ገበሬ የሚያዋጣ አይደለም።

*ሌሎች የተደበቁ ወጪዎች*

1. ጭነት። ክራምቤ ሲወቃ ገለባው ከዘሩ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ቦታ ይይዛል፣ አይመዝንም። በአንድ ዓይነት መስፈሪያ ብትሰፍሩት የስንዴን ግማሽ እንኳ አይመዝንም። መኪናው ሞልቶ ሚዛኑ ግን ባዶ ነው። ከመሃል አገር እስከ ጅቡቲ ያለውን የኪሎሜትር ዋጋ የምታውቁ ላኪዎች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ዘሩን እንደ ዘር መላክ ገለባ መላክ ነው። ከታሰበ መጭመቂያው እርሻው አጠገብ መሆን አለበት።

2. ፋጉሎ። የኑግ ጨማቂ ትርፉን የሚያገኘው ከዘይቱ ብቻ አይደለም፤ ፋጉሎውን ለከብት አርቢ ይሸጣል። የክራምቤ ፋጉሎ ግን ግሉኮሲኖሌት የሚባል መራራ ነገር በብዛት አለው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በሙቀት ከታከመ በኋላ ለሥጋ ከብቶች ብቻ ነው፤ ያውም ከጠቅላላው መኖ ከ4.2% ሳይበልጥ። ለዶሮና ለአሳማ ጭራሽ አይመከርም። ስለዚህ የጨማቂው ሂሳብ ላይ በኑግ የለመደው ገቢ ይጎድላል፤ የጎደለው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ከሚያገኘው ዋጋ ላይ ነው የሚቀነሰው።

3. የመጭመቂያ ንክኪ። ይሄኛው በጣም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤሩሲክ አሲድ የበዛበት ዘይት ለምግብ አይሆንም። አውሮፓ ኅብረት ለአብዛኛው የምግብ ዘይት ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ግራም ነው፣ ማለትም 2%። ጠዋት ክራምቤ የጨመቀ ማሽን ሳይጸዳ ከሰዓት የምግብ ዘይት ቢጨምቅበት፣ ወይም ጆንያው ተቀላቅሎ ሰሊጥ ውስጥ ቢገባ፣ ጣጣው ከክራምቤው አልፎ ዋናውን ንግዳችሁን ይነካል። ማሽንና መጋዘን መለየት ግዴታ ነው።

4. ሰነድ። የኮስሞቲክስ ገዢ እንደ እህል ነጋዴ በዓይንና በእጅ አይቶ አይገዛም። ከእያንዳንዱ ዕጣ ጋር የላብራቶሪ ውጤት ይጠይቃል፦ የቅባት አሲዶች ድርሻ፣ የአሲድ መጠን፣ የፐርኦክሳይድ መጠን (የመሻገት ምልክት ነው)፣ ቀለም፣ ከባድ ብረቶች፣ የፀረ ተባይ ቅሪት። «ተፈጥሯዊ» ብሎ ለመሸጥ ደግሞ እንደ ኮስሞስ ያለ ሰርተፍኬት ይፈለጋል። አንድ ቀለል ያለ ነገር አለ፤ በኬሚካል ያልተለወጠ የአትክልት ዘይት በአውሮፓ የኬሚካል ምዝገባ ሕግ፣ ሪች በሚባለው፣ ከምዝገባ ነፃ ነው። የቀረው ወረቀት ግን ሁሉም የሻጩ ዕዳ ነው።

*የስሙ ጉዳይ*

«ስሙ የኛ ነው፣ ስለዚህ ድርሻ አለን» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ነገር ግን ስም ብቻውን ገንዘብ አያመጣም። ከቡና እንማር። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ያ የሆነው ስሞቹ ሊመዘገቡ የሚችሉ የቦታና የንግድ ስሞች ስለነበሩ ነው። «ክራምቤ አቢሲኒካ» ግን የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ነው። ብራዚል የበቀለውም፣ አሜሪካ የበቀለውም በክሬሙ ጀርባ ላይ የሚጻፈው በዚሁ ስም ነው። ማንም ይጽፈዋል፣ ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

እኛ እጅ ያለው ሀብት ሌላ ነው፤ እሱም በየተራራው ያለው ነባር ዘር ነው። አዲስ ዝርያ ማውጣት የሚፈልግ ድርጅት ዞሮ ዞሮ የሚፈልገው እሱን ነው። ለዚህ ሕግ አለን፤ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998። ዘር ለምርምር ከአገር እንዲወጣ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ስለዚህ «ለሙከራ ትንሽ ዘር ብቻ ስጡኝ» የሚል እንግዳ ቢመጣ፣ ዘሩ የክራምቤም ይሁን የጎመንዘር፣ በኪስ አታስይዙት። መንገዱን አሳዩት።

የጤፍን ነገር አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ፣ በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደው ፓተንት ግን በሌላ እጅ ቀጠለ። የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ስምምነት መፈረም አንድ ነገር ነው፤ የተፈራረማችሁት ሰው ነገ ማን እንደሆነ ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

ለዩኒየኖች፦ አባላትን ከመቀስቀሳችሁ በፊት በጽሑፍ የተፈረመ የግዢ ውል ይኑራችሁ። ውሉ ላይ መጠኑ በቶን፣ ዋጋው በምን እንደሚሰላ፣ ጥራቱ ባይሞላ ምን እንደሚሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። «የምትችሉትን ያህል አምርቱ» የሚል ውል ውል አይደለም። ሙከራ ካደረጋችሁ በጥቂት ሄክታርና ከምርምር ማዕከል ጋር ይሁን፤ ገበሬው ለዓመት ቀለቡ የሚዘራበትን ማሳ አትንኩበት።

ለላኪዎች፦ ጥያቄ ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ቀድማችሁ ጠይቁ። የትኛው አቢሲኒካ? ድፍድፍ ነው ወይስ የተጣራ? በዓመት ስንት ቶን? ሦስቱን የማይመልስ ገዢ ገና ዋጋ እየሰበሰበ ነው። እውነተኛ ገዢ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሳምፕልና የላብራቶሪ ውጤት ይጠይቃል፤ ሳምፕሉን በደንብ አሽጋችሁ፣ ግማሹን እናንተ ዘንድ አስቀሩ።

ለነጋዴዎች፦ የክራምቤ ዘር «ለመዝራት» በሚል በውድ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። አዲስ ሰብል ሲወራ መጀመሪያ የሚያተርፈው ዘር ሻጩ ነው፣ መጨረሻ የሚከስረው ደግሞ ገበሬው። ኪሎውን በውድ የሸጠላችሁ ሰው ምርቱን መልሶ ለመግዛት የማይፈርም ከሆነ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እድሉ የለም ማለት ነው?» ብትሉኝ፣ አለ። አንድ መጭመቂያና አነስተኛ ማጣሪያ ያለው ድርጅት፣ መቶ የማይሞላ ሄክታር የሚያርስ አንድ ማኅበር፣ ለሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈርም አንድ ገዢ። ይሄ ከተገናኘ ከትውልድ ቦታው የመጣ ዘይት ብሎ በስም የሚከፍል ሸማች አውሮፓ ውስጥ ይገኛል። ታሪኩ ያን ጊዜ ዋጋ ይኖረዋል፤ ከሰነዱና ከጥራቱ ጋር ሲሄድ ማለት ነው። ሥራው የአንድ ጠንካራ ማኅበር ሥራ ነው፤ የአንድ ዞን ዘመቻ ከሆነ ግን ገበሬውን ይጎዳዋል።

ለዩኒየን ሥራ አስኪያጆችና ለመሠረታዊ ማኅበራት ሊቀመንበሮች ይሄን ጽሑፍ አጋሯቸው፤ ውሳኔው የሚወሰነው እነሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ተለመደው የቡናና የሰሊጥ ዋጋ እንመለሳለን።

መልካም ገበያ!